ለበረዶ የተሠራ መኪና

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ዛሬም አጠበው። በሐምሌ! ደብረ ማርቆስ በሙሉ ጭቃ ለብሳ፣ ሰማዩ እየፈሰሰ፣ ታደለ በአንድ እጁ ጥላ ይዞ በሌላው መኪና ያጥባል። በመስኮት ሳየው ባሌ መሆኑን መካድ አማረኝ።

ይህን መኪና ጠልቼዋለሁ። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ሆዱ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። ወንበሩ ቆዳ፣ ጣሪያው መስታወት። የሚጎትተው በፊት ጎማው ብቻ ነው። ባለሥልጣን አስፋልት ላይ የሚንሸራሸርበት እንጂ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ በጎጃም ክረምት የሚነዳው አይደለም። ከመሪው አጠገብ የኮከብ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለው። ታደለ መመሪያውን ገልብጦ «ለበረዶ የተሠራ ነው» ብሎ ተረጎመው። ይኼው ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራዋል። የፈረንጅ አገሩ በረዶ እንደ ባዘቶ መሬት ላይ የሚተኛ ነው፣ የእኛው ደግሞ እንደ ጠጠር አናት የሚመታ፣ ስማቸው እንጂ ነገራቸው አይገናኝም አልኩት። «አንቺ ደግሞ ሁሉን የመማሪያ ክፍል ታደርጊዋለሽ» አለኝ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ማግባት ትርፉ ይህ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ሐሙስ ነው፤ አባቴን ከገጠር አምጥተን ሆስፒታል የምናደርስበት ቀን። አባቴ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ዲማ የተማሩትን ቅኔ በቃል ያስተምራሉ እንጂ ፊደል ካዩ ሦስት ዓመታቸው። ቀዶ ሕክምናውን ሲገፉ ሲገፉ ቆይተው ዘንድሮ «ከፍልሰታ በፊት ከሆነ እሺ» አሉ። ለዘመቻ የመጡት የዓይን ሐኪሞች እዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት እስከ ዓርብ ነው። ይህ ካመለጠ ሁለተኛ እሺ እንደማይሉ አውቃለሁ። ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ቃሬዛ ደግሞ «የሬሳ ነው» ብለው እንቢ አሉ።

ባልደረባዬ አልማዝ «ፒክአፔን ውሰጂ» ብላኝ ነበር። ታደለ አኮረፈ። «አማቴን በሰው መኪና?» አለ። እኔም ለሰላም ብዬ እሺ አልኩት። እሺ ማለቴን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ በኋላ እንዳልክድ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ታደለ ለመንገድ የያዘው፦ የወንበር መወልወያ፣ የመኪና ሽቶ፣ ጥቁር መነጽር፣ እግሩ ላይ ነጭ ጫማ።
ያልያዘው፦ ገመድ፣ አካፋ፣ ቦቲ ጫማ።

እስከ ይጁቤ ከተማ ደህና ነበር፣ ደህና ከተባለ። ከይጁቤ ወዲያ ሆዱ ድንጋይ በላሰ ቁጥር ታደለ ራሱ የተፋቀ ይመስል «እህ!» ይላል። ከጠጠሩ መንገድ ወደ አባቴ መንደር የሚወስደው የጭቃ ቁልቁለት ነው። ወረድነው። ስንወርድ «ይህን ማን ይወጣዋል?» ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም።

የሚያስጠላው ከዚህ በኋላ ነው። መንደሩ መኪናውን ሊያይ ወጣ፤ ታደለም ጀመረ። ለበረዶ የተሠራ ነው፣ ቁልፏን መጫን ብቻ ነው። የአባቴ ጎረቤት አያ ደምሴ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ ጎማውን በበትሩ ነካ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «እንግዲያ ዛሬን ከበቆሎዬ ዳር ቢያድርልኝ?» አለ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። እዚህ አገር እየደገመ በረዶን ከአዝመራ የሚመልስ ሰው ነበር። አምና ሞተ፤ የአያ ደምሴንም ማሳ በዚያው ዓመት በረዶ በላው። ሰውየው መኪናውን በረዶ መላሽ አድርጎ ነው የተረዳው። ታደለም ገብቶታል፤ ዓይኑን አይቼዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየው «ምን ችግር አለው!» አለና ነድቶ ማሳው ዳር፣ ጥቁሩ ዋልካ ጭቃ ላይ አቆመው። አያ ደምሴ እጁን ይዞ መረቀው።

እኔስ? ስለ በረዶ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሴትዮ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ባሌን በሰው ፊት እንዳላሳፍር ነው። ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዛሬ ጠዋት ልንነሳ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሌሊቱን እስከ ግማሻቸው ሰምጠው አደሩ። ታደለ ነዳጅ ሲሰጠው ይጮኻል፣ ጭቃ ይረጫል፣ ራሱን ይቀብራል። ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ጭድ፣ በመጨረሻ የታደለን ካፖርት ከሥሩ አደረግን። ሁሉንም ዋጠ። እኔ ከኋላ ስገፋ የበላሁት ጭቃ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው መጣ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ምድሩ ነጭ ነው፣ የመኪናው ክዳን ጎድጉዷል፣ የመስታወት ጣሪያው ተሰንጥቋል። ታደለ ሮጦ ገባና ያቺን ቁልፍ ተጫነ። «ይኼው ጊዜው!» ይላል ደግሞ። ኮከቧ በራች። ጎማው እንደ ቅድሙ አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ የባሰ ሰመጠ።

ዞር ስል የአያ ደምሴ በቆሎ። ቅጠሉ ተተልትሎ ክር ሆኗል፣ አገዳው ተሰባብሯል። አንድ ጥግ እንኳ አልተረፈም። አያ ደምሴ ማሳውን አየ፣ መኪናውን አየ።

«ይኼስ መላሽ አይደለም፤ ጠሪ ነው» አለ።

ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሄዶ በሬዎቹን ጠምዶ መጣና አወጣልን። በቆሎው መሬት ላይ ተኝቶ፣ እሱ የእኛን ቅንጦት ይጎትታል። ይቅርታ ልለው ተጠጋሁና የበሬዎቹን ገመድ ማቀበል ጀመርኩ። ታደለ ግን ወዲያው ክዳኑ ላይ ስንት ቦታ እንደጎደጎደ መቁጠር ጀመረ። በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ።

ለአባቴ ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «‹በረዶ› ከሚለው ‹ዶ›ን ጥላችሁ ለ‹ረ› ቀለበት ብታደርጉላት በሬ ነበረች። መጀመሪያውኑ እሷን ይዛችሁ ብትመጡ ምን ነበረበት?» አሉ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ዳገቱን ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቴም ተንሸራተን ተመለስን። በሬዎቹም እዚያ ዳገት ላይ እግራቸው አልቆም አለ። አባቴ ከደጃፍ ሆነው የሞተሩን ጩኸት ሲሰሙ ነበር። «ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ እግዜር አልፈቀደም ማለት ነው። ተዪው» አሉኝ። የፈራሁት ይህንን ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ እኛ ዳገቱ ሥር ጭቃ ውስጥ ነበርን። አልማዝ ጋ ደወልኩ፤ ፒክአፑን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች። ምን ታድርግ፣ አንፈልግም ብለናት!

ከዚያ አያ ደምሴ የትናንቱን የጎማ ዱካ አጎንብሶ አየ።

«የኋላው አልቆፈረም» አለ። «የሚጎትተው የፊቱ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

«አህያ ዳገት ስትወጣ ጭነቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፊት እግሯ ይቀላታል። ይኼም እንደሱ ነው፤ ፊቱ ባዶ ነው። አዙሩትና በቂጡ ይውጣ።»

ታደለ «በኋሊት? ሰው እያየኝ?» አለ። እንደዚያች ደቂቃ የተጸየፍኩት ጊዜ የለም። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ቀማሁት። ሜዳው ላይ አዞርኩት፣ ያቺን ኮከብ አጠፋኋት። ክብደቱ ከፊት ይሁን ብሎ አያ ደምሴ አባቴን ጋቢና አስቀመጣቸው፣ ታደለን ደግሞ የሞተሩ ክዳን ላይ አወጣው። ነጭ ጫማውን አንጠልጥሎ፣ የመስታወት መጥረጊያውን ይዞ፣ በመስታወቱ ከእኔ ጋር ተፋጠጠ።

አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት አቅጣጫ ደወል ሰሙ። «ወዴት ዞረን ነው የምንሄደው?» አሉ።

«ፊታችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው አባዬ። በኋሊት ነው የምንወጣው።»

«ጀርባ ሳልሰጠው?»

«ሳይሰጡት።»

«እንዲህ ከሆነ ደግ። እኛም ተሳልመን ስንወጣ እንዲሁ አይደል፤ ንጂው» አሉና አማተቡ።

አንገቴን ወደ ኋላ ጠምዝዤ፣ ነዳጁን በስሱ እየሰጠሁ፣ አንድም ጊዜ ሳልቆም። ሁለት ጊዜ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ፤ ታደለ «በስመ አብ!» ሲል ይሰማኛል። ያዘ። ደግሞ ያዘ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኳኳ ስሰማ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አያ ደምሴ ከኋላችን በእግሩ ወጥቶ ደረሰና አባቴን «በረዶው የበቆሎዬን ዳር ዳሩን ነው የነካው የኔታ፤ አያስቡ» አላቸው። ዓይን በሌለው ሰው ፊት የዋሸው በእሱ አዝነው ከሕክምናው እንዳይቀሩ ነው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

ሆስፒታል ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል። ተራችን አልፏል። ነርሷ «ነገ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ዝርዝሩ ሞልቷል። በጠዋት መጥታችሁ ቁሙ፣ የሚቀር ሰው ካለ» አለች። አባቴ ሌላ ምልክት ይፈልጉ ይሆን ብዬ ስሰጋ «እንቆማለን» አሉ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚ ላይ። ማንም አልቀረም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ከዚያ አንድ አዛውንት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተመለሱ፤ እያለቀሱ ነው የወጡት። በእሳቸው ቦታ አባቴ ተጠሩ። እኔ ደስ አለኝ። በሰው ዕንባ ደስ ማለት ምን ዓይነት ነውር ነው? ደስ ግን አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም።

አንዱ ዓይናቸው ተሠራ። በፋሻ ተሸፍኗል። ደህና ሄዷል ይላሉ፤ ሲከፈት ነው የሚታወቀው።

ታደለ ምሳ ይዞልን መጣ፣ በባጃጅ። መኪናው ጭቃውን እንደለበሰ ቤታችን በር ላይ ቆሟል፤ አላጠበውም። «የደምሴ በቆሎ እንዴት ይሻላል?» አለኝ በመጨረሻ። በመስከረም የሚዘራ የሽምብራ ዘር ወስደን አብረነው እንድንዘራ ተነጋገርን። መቼም ሽምብራ በቆሎን አይተካም። እሱም ቢሆን ሄደን ፊት ለፊት ካልነገርነው ጉቦ ነው የሚመስለው። ሁለታችንም መሄዱን ፈርተናል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ጠዋት ፋሻው ተነሣ። ሐኪሙ ጣቱን አውጥቶ «ስንት ነው?» አለ። አባቴ ግን እጃቸውን አገላብጠው አዩ፣ ጥፍራቸውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ሐኪሙ እንደገና ጠየቃቸው።

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። ቅርብ አድርገው፣ አገጬን ይዘው፣ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «አርጅተሻል።»

ነርሷ ደነገጠች፣ ታደለ ጉሮሮውን ጠራረገ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ተብላ እንደኔ ደስ ያላት ሴት ያለች አይመስለኝም።