ጫማቸውን የማያወልቁት መርከበኛ

ሰኞ
ረገጠኝ! ከነጫማው፣ ትከሻዬ ላይ። ሚስተር ዋልተር፣ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ። አንቱ ማለት ለዛሬ ይቅር። ፓይን ሌክ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ከምሳ በኋላ ከነጫማው ተኝቶ አገኘሁት። ሽማግሌ እንዲህ ይተኛል? ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቼ፣ እግሩን ላጥብለት ተንበርክኬ የጫማውን ክር ፈታሁ። ምስጋናው ርግጫ ሆነ። ሪፖርት ጻፍኩበት። ደግ አደረግኩ!

ማክሰኞ
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በእኔ ሪፖርት የተነሳ ሐሙስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሊያዛውሯቸው ነው፤ አእምሯቸውን የሳቱ ሰዎች ወዳሉበት፣ በሩ ወደሚቆለፈው። እኔ እኮ ይቆለፍባቸው አላልኩም! ሱፐርቫይዘሬ ሜሮን እዚሁ ውጭ አገር ያደገች የሀበሻ ልጅ ናት። «ላይክ፣ ሪፖርት ያደረግሽው እኮ አንቺ ነሽ» አለችኝ። አንቺ! በእናቷ ዕድሜ ሆኜ።

ረቡዕ
ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። ቀድመው እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በልጅነታቸው፣ የጭነት መርከብ ላይ ይሠሩ ነበር። መርከቦቹ በጦር መርከብ ታጅበው፣ በኮንቮይ ነው አትላንቲክን የሚያቋርጡት። የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከሥር ያደባል። አንዷ ስትመታ ሌሎቹ እንዳይቆሙ ትእዛዝ አለ። ስለዚህ መርከበኛው ስትመታ ወዲያው ዘሎ እንዲወጣ ከነልብሱ፣ ከነጫማው ይተኛል።
«ኤዲ የሚባል ጓደኛዬ እግሩ አብጦ አንድ ቀን አወለቀ» አሉኝ። «ያን ቀን ተመታን። ጫማውን ሲፈልግ ቀረ።»
ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ከነጫማዎ ይተኛሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም! እኔስ? ሳልጠይቅ አይደል ክራቸውን የፈታሁት? ቀኑን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

ሐሙስ
የሜሮንን ቢሮ ሳላንኳኳ ከፈትኩት።
«ሪፖርቱን ካንሰል ማድረግ አይቻልም፣ ሲስተም ውስጥ ገብቷል» አለች።
«እንግዲያው ሌላ እጽፋለሁ። ሳላስፈቅድ ጫማቸውን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»
«ገና ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ እኮ! ጆብሽን ልታጪ ትችያለሽ።»
«ልጣ!»
እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጻፍኩት፤ የኮንቮዩንም፣ የኤዲንም። አንብባ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከዚያ «ዝውውሩን እስከ ሰኞ ሆልድ አደርገዋለሁ፣ ሚቲንግ ይደረግበታል» አለች። የሚታየው የሳቸው ብቻ ሳይሆን የኔም ጉዳይ ነው።

ከምሳ በኋላ የሚስተር ዋልተር በር ላይ ቆምኩ። ሳልጠይቃቸው «ውሃውን አምጪ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ክሩን ራሳቸው ፈቱ፣ የግራውን ብቻ። እግራቸው አባብጧል። ቀስ ብዬ አጠብኩላቸው። የቀኙን ጫማ እንዳደረጉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሰኞ ምን እንደሚወሰን አላውቅም። የወለቀውን ጫማ ክሩን አላልቼ፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩላቸው።