ሳጥኑ ሳይከፈት የተጻፈ የርክክብ ሰነድ

ጭሮ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ኮሌጁ ያገለገለ መሣሪያ ለቤተ ሙከራው ገዝቷል፤ ስስ የሲሊኮን ገጽን በአራት መርፌዎች ነክቶ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካ ነው። ከጸሐፊነት ጡረታ ብወጣም ሰነድ የሚያጽፉት እኔን ነው። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪናው ሹፌር «ሳይመሽ ሂርና ልድረስ» ብሎ ቢያጣድፈን፣ «ተፈትሾ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ሳጥኑ ሳይከፈት ጻፍሁ። የፊዚክስ መምህሩ ጀማልም አምኖኝ ፈረመ።

ዛሬ ጀማል መጣ። «ጋሼ፣ ሁለቱ መርፌዎች ተሰብረዋል። ሻጩ፣ ‹ያን የመሰለ አማርኛ ጽፋችሁልኝ አሁን ተሰበረ ትላላችሁ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ጥፋቱ በፈረመው በጀማል ላይ ሊላከክ ነው። አቤቱታውንም እንድጽፍለት ለመነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳሳምር ኖሬ፣ «ሳናየው ፈረምን» ለምትለዋ ማሳመሪያ አጣሁ።