ከግንቦት ሃያ እስከ ሐምሌ ሥላሴ

ግንቦት ፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

ይድረስ ወገዳ ላለችው፣ ለምወዳት እናቴ።

እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አዲሱ መድኃኒት ተስማማሽ ወይስ እንደ በፊተኛው ትራስ ሥር ተቀበረ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። ሦስት ወረቀት የቀደድኩት ግን እዚህች ላይ እየደረስኩ ነው። ደህና አይደለሁም።

ዛሬ ልደታ ናት። የግቢው ሰዎች ንፍሮውን ደጅ አውጥተው ሁለት ጊዜ ጠሩኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኩ። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ዘንድ ሄጄ እመለሳለሁ። ያልደወልኩልሽ የጎረቤትሽን የእነ ምሥራቅን ስልክ ስለማውቀው ነው፤ ድምፁ ይለቀቅና ግማሽ ሰፈር አብሮ ያዳምጣል። ወረቀቱን ሾፌሩ ወርቅነህ በእጅሽ ይሰጥሻል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል መቁጠርሽ ለዛሬ ይሁንልኝ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለነፍስ አባትሽም ቢሆን እንዳትሰጪ።

ሠርጉ ግንቦት ሃያ አራት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር ወረቀት አምጪ ስላለችኝ ባለፈው ቅዳሜ ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ወዳለችው፣ ወደ ስማዳ ሳንሻገር ወደነበርንባት አጥቢያ ወረድኩ። መዝገቡን የሚጠብቁት መሪጌታ ኤፍሬም ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ከእኔ ይሻላል። መቼ ተወለድሽ፣ መቼ ተጠመቅሽ አሉኝ። እኔም ሁልጊዜ እንደማደርገው ደረቴን ነፍቼ፣ የተወለድኩት ደርግ የወደቀ ዕለት፣ ግንቦት ሃያ ቀን ሰማንያ ሦስት፤ የተጠመቅኩት ደግሞ በዮሐንስ ልደት፣ ሰኔ ሠላሳ ነው አልኳቸው። ትዝ ይልሻል፣ በዓሉ በሚከበርበት ዘመን በየዓመቱ ሰንደቁ ሥር እያቆሙ ያስጨበጭቡልኝ ነበር፤ ደብተርም ይሸልሙኝ ነበር።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጄ፣ ስትወለጂ ወንድ ነበርሽ እንዴ አሉኝ። ከግንቦት ሃያ እስከ ሰኔ ሠላሳ አርባ ቀን ነው፤ አርባ የወንድ ነው፣ ሴት በሰማንያዋ ነው የምትጠመቀው አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር የራሴን አርባ ቀን ቆጥሬው አላውቅም። አንቺም አልቆጠርሽውም፣ እምዬ። ሰማንያዬን ቆጥረሽ የተጠመቅሽው ነሐሴ አሥር ነው ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ ባላወቅሁ።

ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን መዝገብ አወጡት። ሰኔ ፴ ላይ የአባቴ ስም አለ፤ የአንቺም አለ። ሕፃኑ ግን ወንድ ነው፤ ወልደ ዮሐንስ ይላል። በጎኑ በቀይ ቀለም፣ ዐረፈ፣ ሐምሌ ፭ ተብሎ ተጽፏል። መሪጌታ ሳቃቸውን አቆሙ። ገጽ በገጽ ሲገልጡ ቆዩና መስከረም ፳፩ ቀን ሰማንያ አራት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ወለተ ሥላሴ ይላል፤ የእኔ የክርስትና ስም። ዘመኑ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ብለው በጣታቸው ወደ ኋላ ቢቆጥሩት ሰማንያው ሐምሌ ሰባት፣ ሥላሴ ላይ ወደቀ። እናት፣ ወለተ ሰንበት። የአባት ቦታ ባዶ ነው። የአንቺ ስም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እዚያም አለ፤ ግን በክርስትና እናት መስመር ነው ያለሽው።

ከግንቦት ሃያ እስከ ሐምሌ ሰባት አርባ ሰባት ቀን ነው። አንዲት ሴት በአርባ ሰባት ቀን ሁለት ጊዜ አትወልድም፤ ይህን ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። መሪጌታ መዝገቡን ዘጉና፣ እኔ የምሰጥሽ ወረቀት ብቻ ነው፣ ሌላው ያለው እናትሽ ዘንድ ነው አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓይኔ ያልጠፋችው ባልንጀራሽ እትዬ አበራሽ ናት። ከእስቴ ድረስ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ወንዝ ሙላት፣ በየዓመቱ ለሐምሌ ሥላሴ ትመጣ ነበር። ለገና አትመጣም፣ ለፋሲካ አትመጣም። ፀጉሬን ፈትታ እንደገና ትሠራኝና በማግስቱ ትሄዳለች። አንቺ ደግሞ፣ ምነው በጋ ቢሆን፣ ሰው በክረምት እንግዳ ይሆናል እያልሽ ትቆጪያት ነበር። ካረፈች አራት ዓመቷ፤ ፈተና እያረምኩ ነው ብዬ ለቅሶዋን እንኳ አልደረስኩም። የእትዬ አበራሽ የክርስትና ስም ማን ነበር? ጠይቄሽ አላውቅም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። እጮኛዬ ተሻገርም እንደ እትዬ አበራሽ የእስቴ ልጅ ነው። የሁለታችን ሽማግሌዎች ግንቦት አሥር ተሰብስበው ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ነው፤ አንቺም የአባቴንና የአንቺን ወገን አስቆጥረሽ ልከሻል። የማን ወገን ነው እሱ? የእኔ አይደለም። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን ተሻገር፣ አንገትሽ የእኛን አገር ሰው ይመስላል እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ዛሬ ፊቱን ማየት አቃተኝ፤ ምን ሆንሽ ሲለኝ ጥርሴን አሞኛል እላለሁ። ዝም ብዬ ባገባው መሪጌታ አይናገሩም፣ አንቺም አትናገሪም። ግን የአንድ ቤት ልጆች ብንሆንስ? አጠገቡ ተኝቼ በየቀኑ ይህን ላስብ? ልጅ ብወልድስ?

ስለዚህ እለምንሻለሁ። የባዶውን መስመር ሰው ስም ጻፊልኝ፤ የእትዬ አበራሽንም ወገን እስከምታውቂው ድረስ ጨምሪልኝ። ወይም ራስሽ ነይና ለሽማግሌዎቹ ተናገሪ። ወርቅነህ ሰኞ ይመለሳል። የምትጽፊው ስም ሠርጉን የሚያፈርስ ከሆነም ይፍረስ፤ የዘንድሮው ለቅሶ ይሻለኛል። ይህን የሚያውቅ ከአንቺ ሌላ በሕይወት የለምና አትጨክኚብኝ።

ተቀይሜሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ያስቀየመኝ ማሳደግሽ አይደለም። ለሠላሳ አራት ዓመት የልጅሽን ቀን ለእኔ ስታከብሪ፣ ግንቦት ሃያ ቅቤ አናቴ ላይ አድርገሽ ድንገት ወደ ጓሮ ስትወጪ፣ ዶሮ ልታዪ ሄድሽ እያልኩ ዳቦዬን እገምጥ ነበር። ምነው አንድ ቀን እንኳ አብሬሽ ባለቀስኩ! ደግሞ ልቆጣ ስል፣ ሐምሌ አምስት ቀብረሽ ሐምሌ ሰባት እኔን ሲያስታቅፉሽ ጡትሽ ገና ወተት እንደያዘ አስባለሁ፤ ያን ጊዜ ቁጣዬ ይከዳኛል። ለሠርጌ የእናት ቦታ ሌላ ሰው አልፈለግሁም፣ አልፈልግምም።

ልደታ ማርያም ጉልበትሽን ትጠግንልሽ። ዕድሜሽን ታርዝምልኝ፣ ከክፉ ወሬ ቤትሽን ትጠብቅልሽ። ምሥራቅንና ጎረቤቶችን ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደርግ ወድቆ አዲስ ዘመን መጣ ብለሽ አዲስዓለም እንዳልሽኝ ስትነግሪኝ ኖረሻል። ደርግ ሲወድቅ ግን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። መዝገቡ የልጅሽን የክርስትና ስም እንጂ የዓለም ስሙን አልያዘም። ማን ብለሽው ነበር? መልስሽ እስኪደርሰኝ ከዚህ በታች ስሜን ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ልጅሽ