በድሉ ጀርመን ነው

ውድ በድሉ፣

ተሸንፋችኋል። ካልሰማህ ከእኔ ስማው፤ ነብራስካ አሸንፏል። ያ ብሎግህ ላይ እየመጣ የሚከራከርህ የነብራስካ ገበሬም በማግስቱ ጽፎልሃል። «ምነው ድምፅህ ጠፋ? ቡድንህ ሲሸነፍ መደበቅ ከአንተ አይጠበቅም» ይላል። የይለፍ ቃልህን አውቀዋለሁ፤ መልስ ግን አልሰጠሁትም። ምን ብዬ ልመልስለት?

«የአንድ ተራ አሜሪካዊ አስተያየት፤ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ኮሌጅ ፉትቦል» ብለህ ብሎጉን የከፈትክ ቀን ሳቅኩብህ። «ተራ አሜሪካዊ? አንተ? ሱቅ በገባህ ቁጥር ከየት ነህ የምትባለው ሰውዬ?» አልኩህ። «ከዚሁ ከአውሮራ ነኝ እላቸዋለኋ!» አልክ። አልተቆጣህም። እኔን የሚያናድደኝም አለመቆጣትህ ነበር።

አስተያየቶችህን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ሀገር መውደድ መኪና ላይ ባንዲራ መለጠፍ ሳይሆን፣ ከፍርድ ቤት የጁሪ ጥሪ ሲመጣ አለመደበቅ ነው። የዓመቱን ሻምፒዮን ኮምፒውተር አስልቶ መምረጡ ነውር ነው፤ ሜዳ ላይ ይለይላቸው። ደሞዝ የማይከፈላቸው ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ከሁሉም ጨዋታ ንጹህ ነው። ይህችን ሳነብ «አሰልጣኙ ሚሊዮን ይበላል፣ ልጁ ጉልበቱን ይሰበራል፤ ንጹህ ማለት ይሄ ነው?» ብዬ ጻፍኩልህ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስመጣ እንከራከርበታለን» አልክ። ደግሞም ፖለቲከኛና ቡድን አንድ አይደሉም ብለሃል፤ ቡድንህ ቢሸነፍም ትደግፈዋለህ፣ ፖለቲከኛ ግን ሲዋሽህ ትተወዋለህ። ወንድም ሲዋሽስ? ስለሱ አልጻፍክም።

መጀመሪያ እውነት ነበር፤ ከጦሩ ጋር ጀርመን ነበርክ። በየካቲት ግን ደወልክና እማዬ ሥራ ላይ መሆኗን ከጠየቅከኝ በኋላ «ፍሬ፣ ወደ ኢራቅ ልንሄድ ነው። ለእማዬ ግን ጀርመን ነኝ፤ እሺ?» አልክ። «እሷ አትችለውም» አልክ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እችለው እንደሆነ አልጠየቅከኝም። እኔም ሞኝ ነኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው የቆጠርከኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እማዬ እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማይሆንላት ታውቃለህ። ከአረጋውያን ቤት ሺፍቷን ጨርሳ ስትመጣ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ «ዛሬ ጻፈ?» ትለኛለች። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ በአማርኛ አነብላታለሁ። ፉትቦሉን እንዳለ አነበዋለሁ። አንዳንዴ የምታመልጥህን መስመር ግን እቀይራታለሁ፤ አሸዋውን በረዶ፣ ሙቀቱን ብርድ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ዘንግቼ በሐምሌ በረዶ አስጣልኩብህ።

«በሐምሌ?» አለች።

«ተራራ ላይ ነው ያሉት፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ካፖርቱን ይልበስ፤ ደረቱ አይችልም።»

ይህን ነግሬህ ስቀናል። ያልነገርኩህ ሌላው ነው። ስለ እሷ አንድም ቃል ባልጻፍክ ቀን እኔ እጨምር ነበር። «እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት?» እያልኩ። ስለ ጁሪ የሚጽፈውን ልጇን ታከብረው ነበር፤ ስለ ጉልበቷ የሚጠይቃትን ግን ትወደው ነበር። ያ እኔ ነበርኩ። እኔ ራሴ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ጉልበቷ ጠይቄያት አላውቅም። በአንተ ስም ሲሆን ይቀለኝ ነበር።

አሁን አርብን ልንገርህ። የታንክስጊቪንግ በዓል ባለፈ ማግስት ትምህርት የለም። ጨዋታው ተጀምሯል፤ የእናንተዎቹ ነጭ ለብሰዋል። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ለገሠ ነበሩ። ታክሲያቸውን ሞተሩን ሳያጠፉ አቁመውት ነው የወጡት። እየሳቁ ነበር፣ በድሉ። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ፤ እየሳቁ ነበር የገቡት።

«ፍሬ፣ እስቲ እሱን ቲቪ ዝቅ አድርገው። ዛሬ የገጠመኝን ብነግርህ አታምንም።»

«ምን ገጠመዎት፣ ጋሼ?»

«ሁለት መኮንኖች ሞንትቤሎ ቤቴ ድረስ መጡ። አንደኛው ቄስ ነው አሉ። በድሉ ብለው ጀመሩና፣ ኢራቅ፣ ረቡዕ ዕለት፣ መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ… ኧረ ቆይ አልኳቸው! የእኛ ልጅ ጀርመን ነው፤ ሌላ ሰው ነው የያዛችሁት። እርግጠኛ ነን ይሉኛል። ቅጽ ሞልቷል፤ ለእናቴ አትንገሩ፣ ለጋሽ ለገሠ ንገሩ ብሏል ይሉኛል። ይኸውላችሁ ስህተቱ አልኩ! ጀርመን ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣ ልጅ እንዲህ ያለ ቅጽ ምን ያስሞላዋል?»

«ጋሼ…»

«ቆይ አስጨርሰኝ። ቄሱ እንባው መጣ። አሳዘነኝ። አይዞህ፣ ስህተት ያጋጥማል ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። ተመልሰን እንመጣለን ብለው ሄዱ። አሁን እናትህ ከበቡሽ ጋ ሄደው እንዳያስደነግጧት ነው የመጣሁት። የጀርመኑን ስልክ አምጣልኝ፤ ደውለን እንገላገል።»

እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ያንን እጅ አየሁት። አንድ ቃል እስካልተናገርኩ ድረስ በሕይወት ነበርክ። ለጋሽ ለገሠ ጀርመን ነበርክ፤ ለእማዬም ጀርመን ነበርክ። በዚህች ከተማ አንተን መግደል የምችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጀርመን አይደለም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ከየካቲት ጀምሮ ኢራቅ ነው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ያ ኮምፒውተር የመረጠው፣ ያልመረጠው እያለ አንድ ሰውዬ ቲቪው ውስጥ ይለፈልፋል። ኋላ ተነሱና እንደ እድር ሊቀመንበርነታቸው ተናገሩ። «ነገ ንጋት ላይ እንመጣለን። ጤናዬ ከቤት ሆና ሰዉን ትጠራለች። እስከዚያ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ብቻዋን፣ ከሥራ በደከመ ሰውነቷ አትሰማትም።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ወር ችለሃል» አሉኝ። «አንድ ቀን አያቅትህም።»

ቅጹ ላይ አስበህበታል፤ እማዬ በማታውቃቸው ሰዎች አፍ እንዳትሰማ፣ መርዶዋ እንደ ወጉ እንዲነገራት አድርገሃል። አመሰግንሃለሁ። ግን በዚያ ቅጽ ላይ ለእኔ የሞላኸው መስመር የለም።

እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጨዋታው አላለቀም።

«የእኛዎቹ ነጭ የለበሱት ናቸው?»

«አዎ።»

«ይመራሉ?»

«ይመራሉ» አልኳት። አይመሩም ነበር።

«በድሉ ያየው ይሆን? እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«መሽቷል። ያያል፣ እማዬ።»

«ዛሬ ጻፈ?»

አልጻፍክም። የመጨረሻው ጽሑፍህ የሰኞው ነው፤ አንብቤላታለሁ። አልጻፈም ማለት እችል ነበር። ግን ካልኳት ፊቴን ታየዋለች ብዬ ፈራሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት። ስክሪኑ ላይ የሰኞው ጽሑፍህ አለ። እሱን እያየሁ ሌላ አነበብኩላት። ነብራስካን ካሸነፍን ዓመቱ አይቆጨኝም ብሏል አልኩ። ታንክስጊቪንግ ላይ ካምፕ ውስጥ የተርኪ ሥጋ ሰጡን፣ ደረቅ ነው ብሏል አልኩ። ሳቀች። ስትስቅ ማቆም አቃተኝ።

«ለገና እመጣለሁ ብሏል» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም፣ በድሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ፤ እስካሁን አላውቅም። እልል አለች። ሮጣ ስልኩን አነሳችና ጋሽ ለገሠ ቤት ለእትዬ ጤናዬ ደወለች። «ጤኑዬ፣ ልጄ ለገና ሊመጣልኝ ነው!» እትዬ ጤናዬ ለቅሶ የሚጠራውን ሰው ዝርዝር ይዘው ነበር የተቀመጡት። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እማዬ ስልኩን ስትዘጋ ግን «ጤናዬም ደስታው አስለቀሳት» አለችኝ።

ንጋት ላይ መጡ። ደረጃው ሙሉ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ፣ እግሩን ሳያሰማ። እማዬ በሩን ከፍታ ጋሽ ለገሠን አየቻቸው። በድሉ ነው ሲሏት አልጮኸችም። እንዲያውም ልታስረዳቸው ሞከረች። «ጀርመን ምን ሞት አለ?» አለች። «ጀርመን ጦርነት የለም፣ ጋሽ ለገሠ። ትናንት እኮ ጽፏል። ለገና ይመጣል።» ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ለገሠ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገራት» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ካልሲ ብቻ አድርጌ ቆሜ፣ ነገርኳት። የዚያን ጊዜ ነው የጮኸችው። እያየችኝ።

ፎርት ሎጋን የወታደሮች መቃብር ቀበርንህ። በረዶ ነበር። ቀሳውስቱ ጸሎታቸውን አደረሱ፤ ከዚያ ወታደሮቹ ባንዲራውን አጥፈው፣ አጥፈው፣ ሦስት ማዕዘን አድርገው ተንበርክከው ሰጧት። እንዴት እንደሚያዝ አላወቀችም። አንድ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ የደረደረ ሽማግሌ መጥቶ እጇን ያዘና ስለከፈሉት መስዋዕትነት እናመሰግናለን አለ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ። ከዚያች ንጋት ወዲህ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

«ልጅሽን ስለሰጠሽ እናመሰግናለን ነው የሚልሽ።»

«እኔ መቼ ሰጠሁ?» አለች። «ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌው ምን አለች ብሎ አየኝ። ታመሰግናለች አልኩት። ተመልከት፣ በቀብርህ ላይም አላቆምኩም።

ብሎግህ ላይ ሀገር መውደድ ማለት ሳይጠሩህ መሄድ ነው ብለህ አንድ ጊዜ ጽፈሃል። ሰላሳ ሰው አድንቆታል። እኔ ግን ከመሄድህ በፊት የሚጠየቅ ሰው ነበረ፤ አልተጠየቀም እልሃለሁ። ስመጣ እንከራከራለን እንዳትለኝ።

ለቀስተኛው ሲበተን፣ ባለፈው ሐሙስ፣ እማዬ ኩሽና ውስጥ ቆማ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ።

«አርብ ዕለት ስታነብልኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ገና የሚለውን እሱ ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጉልበቴንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

እጇን አደራርቃ ወጣች። ትናንት እሁድ እትዬ ጤናዬ ከጋሽ ለገሠ ጋር መጥተው ሞንትቤሎ ቤታቸው ወሰዷት። «ፍሬም ይምጣ እንጂ» አሉ። «እሱ ትምህርት አለው» አለች፤ ወደ በሩ እያየች። ሲወጡ ጋሽ ለገሠ ቁልፉን እንድይዝ ነገሩኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ዛሬ ብቻዬን አድሬ ያነጋሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ለትምህርት በምነሳበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ተነሳህ?» አለች። ስሜን አልጠራችም።

ሥራ ላይ ሆና ስትደውል ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ ከብርድ ልብሱ ውስጥ የምሰጣት መልስ አለኝ፤ «ተነስቻለሁ»። አፌ ላይ መጣ።

«አልተነሳሁም» አልኳት። «አልጋ ውስጥ ነኝ። እንቅልፍም አልወሰደኝም። ትምህርት ቤት የመሄድ ሐሳብም አልነበረኝም።»

ከኋላዋ የእትዬ ጤናዬ ቧንቧ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ቁርስ አለ?»

«የለም። ወተቱ ተበላሽቷል።»

«ሌላስ ምን የምትነግረኝ አለ?»

«እፈራለሁ፣ እማዬ።»

ዘጋችው ብዬ ነበር።

«በል ተነስ» አለች። «ስልኩን እንዳትዘጋው። ስትነሳ ልስማህ።»

ስልኩን ክፍት እንደሆነ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ተነሳሁ። እንድትሰማኝ እግሬን ጠንከር አድርጌ ተራመድኩ፤ መጋረጃውን ገፋሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ፣ በሩን ሳልዘጋ ፊቴን ታጠብኩ። ሱሪዬን ለበስኩ፣ ጫማዬን አሰርኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ስልኩን አነሳሁና ተነስቻለሁ አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለችና ዘጋችው።

ታናሽህ፣
ፍሬዘር