ቁልፉ እናንተ ዘንድ ስላለው አፈር

ለተከበረው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? እኔም ጋራዤም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆኑት በግቢዬ አፈር ውስጥ ያሰፈራችኋቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ብቻ ናቸው። ነፍስ ይማር።

እንደምታስታውሱት፣ ያፈሰስኩት የተቃጠለ ዘይት ቁልቁል ሰርጎ ከጋራዤ ግርጌ ካለው የእህቴ የአትክልት መደብ ሊደርስ ሲል፣ ባለሙያችሁ መጥተው ዘይት የሚበሉ ተሕዋስያን እንዳሉ አስረዱን። እኔ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ ነገር አይቼ ስለማላውቅ በአፌ እሺ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። እህቴ ግን አመነች፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ መደብ ነውና ዝናብ ሳይገባ አፈሩ ይጸዳል ብላ ዘሯን አዘጋጀች።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. አፈሩ በየሳምንቱ እንዲገላበጥና ውኃ እንዲጠጣ አዛችሁ፣ ዘይት የጠጣውን የአፈር ክምር በሽቦ አጥራችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ሄዳችኋል። ለጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ተሕዋስያኑ ከሌባ የተጠበቁትን ያህል ከጥም አልተጠበቁም እንጂ።

፪. ቁልፉን ልለምን ስመላለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባልኩ የዋልኩበትን ወንበር የተሰበረ እግር ጠግኜላችኋለሁ።

፫. ይህ የቀረበው በራሴ ላይ ነው። አፈሩ ሲሰነጣጠቅ ባይ አንጀቴ አልችል አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን አክብሬ፣ አጥሩን ሳልነካ ከውጭ ሆኜ ውኃ ረጨሁ፤ የረጨሁበት የውኃ ጎማ የጋራዡን ወለል የማጥብበት ሲሆን፣ ከበረኪና በርሜል ጋር እንደተገናኘ ያስታወስኩት ግን ሽታው አፍንጫዬን ሲያቃጥለኝ ነው። የሞተር ዘይት ሳያዩ የሚነዱ ሹፌሮችን ስሰድብ የኖርኩ ሰው፣ በጥም የደከሙትን ፍጥረቶች በገዛ እጄ ጨረስኳቸው።

እህቴ አልጮኸችብኝም። ዘሯን ወደ ጓዳ መለሰች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ተሕዋስያን እንዲሰጡን፣ ቁልፉም ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንዲሰጥ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

ከደጃችሁ የማልጠፋው፣ ሠፈሩ «ሁሉን አዋቂ» እያለ የሚያሾፍብኝ ታዛዣችሁ መካኒክ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እህቴ ጓጉንቸሩን በመዶሻዬ ሰብራ ገባች፤ አሁን በፍግም ውስጥ ተሕዋስያን አይጠፉም ብላ አፈሩን ከፍግ ጋር እያደባለቀች በአካፋ ትገለብጣለች። ላግዝሽ ብላት ከአጥሩ ውጭ እንድቆምና ምንም እንዳልነካ አዘዘችኝ። ትእዛዙ እናንተንም እንደሚጨምር እንዳደርስላት በአክብሮት ጠይቃለች።