ከኖኅ የመጣው ካርድና ከሙሉነሽ የመጣው

ታኅሣሥ 24 ቀን 1978

አሮጌ ካሌንደር ስቆራርጥ ዋልኩ። ጀርባው ነጭ ስለሆነ ለካርድ ይመቻል። ዘንድሮ ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ የገና ካርድ ማን ይላክላቸው? አምና ኖኅ ልኮላቸዋል። «አስካለ፣ መርከቤ ታፈሳለች፤ ያንቺ ቆርቆሮ ሳይሻል አይቀርም። እንኳን አደረሰሽ።» በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ነው አንቺ ያላቸው። በሳቅ ፍርስ አሉ። ካቻምና ደግሞ ንግሥተ ሳባ ነበረች... ጨረቃ ላይ የወጣው ሰውዬ ይሁን?

«ከዚህ ሆኜ ሳይ ፒያሳ ሁሉ መብራት ጠፍቶበታል፤ የእርስዎ ኩራዝ ግን ትታያለች።»

እሱ ይሁን።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

አነበብኩላቸው። ሳቁ። ከዚያ እንደየዓመቱ ጠየቁኝ።

«ከሙሉነሽስ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ጨረቃ ድረስ የሄደው ሰው እንኳ ሲልክ፣ የኔዋ ልጅ...» ሳቃቸው መሀል ላይ ቀረ።

ቤቴ ገብቼ የባሌን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ካርዷ ከጀርባው አለች። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል።

ታኅሣሥ 30

ቢያንስ እዚህ ልጻፈው።

የ1971 ፋሲካ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ዘይኑዲን ከሱዳን አንድ ካርድ ደብቆ አመጣ። ከሙሉነሽ ነበር። ወጣቱ ሁሉ በሚታፈስበት ጊዜ ነው የሸሸችው። እናቷ «ከወጣሽ አትመለሺ» ብለዋት ነበር። በቁጣ ያሉት ነው...

ባሌ በጋዜጣ ፊደል አስጀምሮኝ ሞተ። የቀረውን ብቻዬን ተማርኩት። በግቢው ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ አስካለ «አንብቢልኝ» አሉ። የቀበሌው አባይነህ ለምዝገባ መጥቶ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ያኔ ከሱዳን የመጣ ወረቀት ሰው ያስወስዳል። «እንኳን ለትንሣኤ አደረሰሽ፤ ደህና ነኝ» አልኩና አጠፍኩት። በኋላ «አቃጠልኩት» አልኳቸው።

የዘለልኩት ይኸውና፦ «እማዬ፣ ጨክነሽ ካልተውሽኝ በዘይኑዲን በኩል አንድ ቃል ላኪልኝ። ካልመጣልኝ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ያን ቀን ፈርቼ ነው። በማግስቱስ? አባይነህ አልነበረም። በሳምንቱስ? ዘይኑዲን ምንም ሳይዝ ወደ ሱዳን ተመለሰ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ብዬ ልናገር...

ኖኅንና ሳባን በየበዓሉ ለምን እንደማመጣ እኔ አውቃለሁ።

እነግራቸዋለሁ። ከጥምቀት አያልፍም።

ጥር 11

እንግዶች ነበሩባቸው። አልተናገርኩም። ባይኖሩስ ኖሮ እናገር ነበር?

ጥር 12

ተናገርኩ። ሁሉንም። ካርዷን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ላንብብልዎት፣ እትዬ?»

ደረታቸው ላይ ለጠፏት። «እንዳትነኪያት!»

«አንድ ቃል ላኪልኝ ነው የምትለው። አንድ ቃል ብቻ...»

«አንቺ ያልሽውን ሳምን ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው! ኖኅን ይዘሽልኝ ስትመጪ፣ የማንንም ንግሥት ይዘሽልኝ ስትመጪ፣ ልጄ ከባልሽ ፎቶ ኋላ ነበረች?»

«አዎ።»

«ውጪልኝ።»

ወጣሁ።

ጥር 20

ዘይኑዲንን ስፈልግ ሳምንት ሞላኝ። ሱቁ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ነው። አርጅቷል።

«ሙሉነሽ? ገዳሪፍ አለች እንጂ። ወንድሜ ያያታል። እናቷ ጨርሰው ትተዋታል ብለን...» ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ የሚሄድ ሰው አለው። መልእክት ካለ በእጁ ያደርስላታል።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆሜ ይህንኑ ነገርኳቸው። አልከፈቱም። ከውስጥ «ሰማሁ» ብቻ አሉ። ቀጥሎ ለቅሶ ሰማሁ። ልጅቷ በሕይወት አለች...

የካቲት 3

እትዬ አስካለ ቀበሌ ሄደው መሠረተ ትምህርት ገቡ! በስድሳ አራት ዓመታቸው! ዘመቻው ሲጀመር «ደብሪቱ እያለችልኝ ፊደል ምን ይሠራልኛል?» ብለው የቀሩት ሴትዮ። እኔም ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ዓይነት ደስታ ነው?

አስተማሪው «ካርዷን እኔ ላንብብልዎት» ቢላቸው «አንተስ ምን እንደምትዘል በምን አውቃለሁ?» አሉት አሉ።

ይገባኛል። ግን ፋሲካ ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም። ይደርሳሉ?

መጋቢት 28

የሁለታችንን ቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው። ሁሉ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጣጥፍ...

«እ... ማ... ዬ።»

ደገሙት። ሦስተኛም አሉት። ነጠላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ድንገት ግድግዳው ተደበደበ።

«ደብሪቱ! ይቺ ሦስት እግር ኖሯት ባርኔጣ የደፋችው ማን ናት?»

ከጥር ወዲህ ስሜን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«‹ጨ› ናት፣ እትዬ።»

«‹ጨ›። እሺ። ሌላ እንዳትጨምሪ!»

የሚቀጥለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። አልጨመርኩም።

ሚያዝያ 27

ነገ ማክሰኞ ነው። አላስችል ብሎኝ ዘይኑዲን ዘንድ ሄድኩ።

«ራሳቸው መጥተው ሰጡኝ» አለኝ። «አንድ ቃል ናት። ግን ፊደሏ ትልልቅ ስለሆነ ገጹን ሞልታዋለች።» ሳቀ።

የትኛዋ ቃል እንደሆነች አልጠየቅኩም። ለኔ የተጻፈች አይደለችም።

ግንቦት 3፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ቶማስ የጌታን ቁስል የዳሰሰበት ቀን። ከጊዮርጊስ ስመለስ በሬ ሥር ወረቀት አገኘሁ። ከደብተር የተቀደደ ነው፤ በእርሳስ ተጽፏል። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል።

«ለደብሪቱ። እኔ ካልዳሰስኩ አላምንም። አሁን ዳሰስኩ። እንኳን አደረሰሽ። ቶማስ።»

ቁጭ አልኩ። ተነሣሁ። ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ወዲያ ማዶ በርጩማ ሲጎተት ተሰማኝ፤ ተጠግተዋል።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ከ«ለደብሪቱ» እስከ «ቶማስ»። አንድም ቃል አልዘለልኩም።