ምስክሯ ከቶሮንቶ መጣች

ማርች 13 ቀን 2001፣ ማክሰኞ። ዛሬ ጠዋት እናታችንን ሰማኋት።

ወንድሜ ጉሌድ፣ እንዴት ነህ? ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ነህ? ሳጋልስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያ የወገብ ሕመምህ በካርዲፍ ብርድ ባሰብህ ወይስ ተወህ? ዓረፋን እንዴት ዋላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ውሃ አሁንም በአህያ ነው የሚመጣልን፣ ጤና ግን አለ። ሰላምታውን ካሳጠርኩብህ አትቀየመኝ። እየቸኮልኩ ነው የምጽፍልህ።

ያለሁት ኤልሚ ኢንተርኔት ቤት ነው። ኤልሚን ታስታውሰዋለህ፤ ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ቴፕ የሚያጠነጥነው፣ ሰው "ኤልሚ ጆሮ" የሚለው። አሁን አራት ኮምፒውተርና አንድ ጄኔሬተር አለው። የመጣሁት አንተ ያዘዝከኝን ልፈጽም ነበር፤ የእናታችንን ፎቶ ስካን አስደርጌ ለግጥሞቿ መጽሐፍ ሽፋን እንድልክልህ። ኤልሚ ፎቶውን ማሽኑ ውስጥ አስተኝቶ፣ "ይሄ እስኪሞቅ አንድ ጉድ ላሰማሽ" አለኝ። ከኛ ሰዎች አንዱ ቶሮንቶ ተቀምጦ፣ ከተማችን ስትቃጠል ሰው በጉያው ይዞ የወጣቸውን ካሴቶች ከየስደተኛው ቤት እየሰበሰበ ኮምፒውተር ላይ ያወጣቸዋል አሉ። ማንም ሰው የትም ሆኖ መስማት ይችላል። ዝርዝሩን ከፈተልኝ። ሞተዋል ያልናቸው ዘፋኞች ሁሉ ተደርድረዋል። በመሃላቸው "ቲሚሮ ፋራህ፣ ቡራንቡር፣ 1974" ይላል።

እኔ ስወለድ የወጣው ያ የሴቶች ግጥም ነው። በየሰርጉ የማወርደው፣ አንተ መጽሐፉን በሱ የምትከፍተው።

የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅሁ። የኛ ካሴት እንዴት እንደሚጀምር ታውቃለህ። በስምንት ዓመትህ ቴፑን ሰርቀህ፣ እላዩ ላይ በእንግሊዝኛ እስከ አሥራ ሰባት ቆጥረህ፣ አስለህ፣ ከዚያ እናታችን ከመሃል ስንኝ ብቅ ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስቀንበታል። እዚህ ላይ ግን አንተ የለህም። የሆነ ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ወንበር ይንቋቋል። ከዚያ እሷ ቢስሚላህ አለችና፣ "ይህን ቡራንቡር ያወጣችው" ብላ ቀጥ አለች።

የኢንተርኔቱ መስመር ነው የቆመው። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መስመር ስክሪኑ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች። ኤልሚ፣ "ታገሺ እንጂ፣ ከቶሮንቶ በእግሩ ነው የሚመጣው" አለኝ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ደግሞ፣ "ዘፈን ከፈለግሽ ገበያ ወርደሽ ካሴት አትገዢም? መስመሩን ዘጋሽብን እኮ" ብሎ አጉረመረመ። እኔ እየሳቅሁ ነው። "እኔ ነኝ" እስክትል ነው የምጠብቀው። ቡራንቡር ከማውረድ በፊት ባለቤቱን መጥራት ግድ ነው፤ የራስሽም ቢሆን ትጠሪዋለሽ።

መስመሩ ተለቀቀ። ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፣ አራት ጊዜ አስደግሜ ሰምቼዋለሁ። "አምባሮ ሂርሲ ናት። ጣውንቴ ናት። ቃሉ የሷ ነው፣ ድምፁ የኔ። ከኔ የምትወስደው ሴት ሁሉ ስሟን ሳትጠራ እንዳታወርደው።"

ጉሌድ፣ ደግመህ አንብበው።

መጀመሪያ ማሽኑ ነው የቀላቀለው አልኩ። ኤልሚ ራሱን ነቀነቀ። "ኪንሲ ሮብሌ፣ ይሄ ነገር ቃል ይውጣል እንጂ ቃል አይጨምርም" አለኝ። ቀጥሎ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ አላለም። "ያኔ ሰርጉ ላይ ማይክሮፎኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምስክርሽ የታለች ያልሻት አንቺ አልነበርሽም? ይኸውና መጣችልሽ" አለ።

አንተ አልነበርክም። ከስደተኛ ካምፕ በተመለስን በሁለተኛው ዓመት ነው፣ በላስቲክ ዳሱ ሰርግ። ግጥሙን የእናቴ የቲሚሮ ነው ብዬ አወረድኩ። እንጀራ እናታችን ኤዶ አምባሮ ከኋላ ተነሳች። "ልጄ፣ ግጥሙ የኔ ነው፣ ስሜ ይጠራበት" አለች። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። እኔ ነኝ ከፍ ያደረግኩት። "ኤዶ፣ እናቴን በቁሟ ቀናሽባት፤ አፈር ከገባችም አልተውሻትም?" አልኳት። ምስክርሽ የታለች አልኳት። "ምስክሬ ቲሚሮ ነበረች" አለች። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አንዷማ፣ "እንግዲያው ሄደሽ ቀስቅሻት!" ብላ ጮኸችባት። ነጠላ ሻሿን ከትከሻዋ አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርግ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም። ሰፈሩ ዛሬም "ባለ ሙት ምስክሯ" ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አንተም ከካርዲፍ በካሴት፣ "ደግ አደረግሽ፣ የእናታችንን ስም አስከበርሽ" ብለህ ልከህልኛል። ካሴቱ ቤቴ አለ።

አሁን ግጥሙን ራሱን ተመልከተው፦

ወንድ ቢሆን ተኩስ ነበር፤ ላንቺ ሆነ ጸጥታ፣
በግም አልታረደልሽ፣ አልተሰማ እልልታ፣
እኔ ግን መጣሁልሽ፣ ወተት ይዤ ማታ።

አራስ እናት ወደ ገዛ ልጇ ከየት ትመጣለች? ከአጠገቧ ነው የተኛሁት። ወተት ይዛ የምትመጣው ከሌላ ቤት ያለች ሴት ናት። አባታችን ሁለት ቤት ነበረው፣ በመካከላቸው አንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነበር። ይህን ስንኝ ቢያንስ ሠላሳ ሰርግ ላይ አውርጄዋለሁ። አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የወለደችው ሁሉ የሚሞትባት ሴት ናት እንግዲህ፣ አጥሩን ዞራ መጥታ ለጣውንቷ ልጅ ግጥም ያወጣችው። እኔ ደግሞ ቀናተኛ አልኳት።

እናታችን ዋሸች እያልኩህ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ሳስታውስ፣ "የኔ ነው" ስትል የሰማሁበት ቀን የለም። ሰው ነው ያንቺ ነው የሚላት። አንተ ካሴቱ ላይ የቆጠርክ ዕለት ግን አለንጋ ይዛ እስከ ደረቁ ወንዝ አባርራሃለች፣ ማታም እህል አልቀመሰችም። ለካሴቱ ዋጋ መስሎን ነበር፤ ለካ ቆጥረህ ያጠፋኸው የአምባሮን ስም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለች፤ አሥራ አራት ዓመት፣ ካምፕ ውስጥ እስክትሞት። ያንን ዝምታ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ልጅ ነበርክ፤ አንተን አልወቅስም። እኔ ግን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ።

መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል ብለሃል። አስቁመው። የመጀመሪያው ግጥም የአምባሮ ሂርሲ ነው፤ ስሟ ካልገባበት ግጥሙም አይግባ። ሰው ይስቅብናል እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይሳቅ። እሷ ላይ ስምንት ዓመት ተስቋል። ልጅህ ትንሿ ቲሚሮም በመጽሐፉ ምረቃ ላይ ልታወርደው እያጠናችው ነው ብላኛለች ሳጋል፤ ስሙን ከስንኙ በፊት አስጠኗት። እኔ ሐሙስ የሹክሪ ልጅ ሰርግ ላይ ተጠርቻለሁ፤ እንደ ያኔው ሁሉም ሴቶች አሉ። ያዋረድኳት በሰርግ ነው፣ ስሟንም የምመልሰው በሰርግ ነው። ከመጣችልኝ። ዓይኗ ታውሯል፣ እግሯም እንደነገሩ ነው፤ እኔ መሆኔን ሰምታ በሯን ልትዘጋብኝም ትችላለች። መብቷ ነው።

ሰላምታውን አሁን ልጨርስ፣ በኋላ ጊዜ የለኝም። ሳጋልን ሳምልኝ፣ የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትንሿን ቲሚሮን፣ ወንድሟን ባሬን ግንባራቸውን ሳምልኝ። የሳጋልን እናት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በላቸው። ለጎረቤትህ ለሸሪፍም ሰላም በልልኝ፣ ባለፈው መድኃኒቱን ስላመጣልኝ።

ደብዳቤውን ለመንገደኛ አልሰጠውም፣ ሳምንት ይፈጃል። ኤልሚ በፎቶው ፋንታ ይህን ወረቀት ስካን አድርጎ ዛሬውኑ ይልክልሃል። ግጥሙንም ካሴት ላይ ገልብጦልኛል፤ ቴፑን አውሶኛል፣ ባትሪ ገብቶበታል። የካሴቱን ጥርስ በመቀስ ሰብሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም እላዩ ላይ አይቆጥርም። አምባሮ እስከ ዐስር ሶላት ደጇ ላይ ትቀመጣለች። ኤልሚ፣ "ቆይ እንጂ፣ ፎቶው ገና ግማሹ ነው የወጣው፣ ትተሽው ልትሄጂ ነው?" እያለኝ ነው። አዎ። ተነስቻለሁ።

እህትህ ኪንሲ
ሐርጌሳ፣ ኤልሚ ቤት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ